አንገቴ ምላጭ አልስማማ ብሎኛል፤ በአባቴ የብረት መላጫ ብጀምር ይሻለኛል?

ጠያቂው፣ ከሹም አቦ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ዕድሜዬ 26 ነው፤ በጣና ዳር በሚገኝ አንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ሥራዬም ሁልጊዜ ጺሜን ተላጭቼ እንድገኝ ያስገድደኛል። ላለፉት ሁለት ዓመታት ሦስት ስለት ባለው የፕላስቲክ መላጫ በየማለዳው ስላጭ ቆይቻለሁ። ጉንጬ ብዙም አይጎዳም፤ አንገቴ ግን፣ በተለይ ከማንቁርቴ ግራና ቀኝ ያለው ቦታ፣ በተላጨሁ ማግስት የጤፍም የጎመን ዘርም የሚያካክሉ ጠንካራ እብጠቶች ያወጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ሲበረታ ላብ በነካው ቁጥር ይቆጠቁጠኛል፤ የሸሚዜ ኮሌታ ሲፈትገው ደግሞ ይደማል። እብጠቱ ሲጠፋም ጥቁር ነጠብጣብ ትቶ ይሄዳል። ጓደኞቼ መክረውኝ ከተላጨሁ በኋላ ሎሚ አሽቼበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነጠብጣቡ ባሰበት እንጂ አልቀነሰም።

ሰሞኑን የቤታችንን ሣጥን ሳገላብጥ አባቴ ይላጩበት የነበረውን የብረት መላጫ አገኘሁ። እጀታው ሲጠመዘዝ ራሱ የሚከፈትና ሁለት ጎን ስለት ያለውን ስስ ምላጭ የሚይዝ ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ሲላጩ አንገታቸው ላይ አንዲት እብጠት አይቼ አላውቅም። ወደዚህ ብመለስ ለእኔም ይሆነኛል ወይ? ምላጩ የተገለጠ በመሆኑ እቆረጣለሁ ብዬ እፈራለሁ፤ ሳሙናውንና አያያዙን የሚያስተምረኝ ሰው ባገኝ ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው።

ጸጉር አስተካካይ፣ ከግሽ ዓባይ፦

ልጄ፣ ባሕር ዳር ውስጥ በዚህ ሙያ ስሠራ 31 ዓመት ሆኖኛል፤ እንዳንተ ያለ አንገት ይዞ የሚመጣ ሰው ያጣሁበት ሳምንት የለም። የአባትህን መላጫ እንዳትጥለው። ይህ ዓይነቱ ዕቃ አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት በ1904 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ካገኘበት ከመጀመሪያው መላጫ ወዲህ በመሠረቱ ብዙ አልተለወጠም፤ አንድ ስለት በአንድ ጊዜ ቆዳህ ላይ ያልፋል፣ ከዚያ በላይ ምንም የለውም። ለአንተ የሚጠቅምህም ይኸው ነው። ስለቶቹ ተደርድረው ሲመጡ ፊተኛው ጸጉሩን ስቦ ያወጣዋል፣ ተከታዩ ከሥሩ ይቆርጠዋል፣ የተረፈውም ጸጉር ከቆዳ በታች ይሰምጣል። ሙልጭ ያለ ፊት የሚገኘው በዚህ ነው፤ የአንገትህ እብጠትም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን አጽዳ። ፈታተህ በሞቀ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፈው፤ ካደረ በኋላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሸው። ምላጩ የሚያርፍበት ሳሕን የተጣመመ ወይም የዛገ ከሆነ አትጠቀምበት፤ ምላጩን ወደ አንድ ወገን አጋድሎ ይይዘዋልና ይቆርጥሃል። ደህና ከሆነ አዲስ ምላጭ አስገባበት። ለሚቆጣ ቆዳ አንድን ምላጭ ከሦስት ጊዜ በላይ ባትጠቀምበት እመክራለሁ፤ የደነዘዘ ምላጭ ስለሚጎትት ከስለታሙ ይበልጥ ያቆስላል። ስለቱንም በጨርቅ አትጥረገው፣ በውሃ አለቅልቀህ አራግፈው እንጂ።

ምላጩን ከማንሣትህ በፊት ጸጉርህን እወቀው። ሁለት ቀን ያደገ ጺም ላይ ጣትህን በዝግታ አንሸራት፤ ልስልስ ብሎ የሚያልፍበት ጸጉሩ የተኛበት አቅጣጫ ነው፣ የሚከረክርህ ተቃራኒው ነው። ጉንጭ ላይ አብዛኛው ሰው ወደ ታች ይተኛል። አንገት ግን እንደየሰው ነው፤ ወደ ላይ የሚበቅል አለ፣ ወደ ጆሮ የሚያዘነብል አለ፣ እንደ ሽክርክሪት የሚዞርም አለ። ብዙ ሰው አንገቱን የሚያቆስለው አገጩን ቀና አድርጎ ሁሉንም ወደ ላይ ስለሚገፋው ነው።

አላላጩ እንዲህ ነው። ከገላ መታጠቢያ ስትወጣ ተላጭ፤ ካልሆነም በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ 3 ደቂቃ ያህል ፊትህ ላይ አቆይ፤ ውሃ የጠጣ ጺም በጣም ይለሰልሳል። ሽቶ የሌለው የጺም ሳሙና ወይም ክሬም ያዝ፤ ብሩሹን በጥቂት ውሃ እያረጠብህ በሳሙናው ላይ አሽከርክር። አረፋው የልብስ ሳሙና አረፋ መስሎ ከተነፋ ምንም አይረባህም፤ እንደ እርጎ ወፍሮ መንሸራተት አለበት። ሳሙናው አላረፋ ካለህና ማንቆርቆሪያህ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ከተጋገረ ውሃህ ከባድ ነውና አፍልተህ አስረግተህ ተጠቀምበት።

አሁን የመላጫውን አናት ጉንጭህ ላይ አሳርፍ፤ ስለቱ ገና አይነካህም። እጀታውን ቀስ እያልህ ወደ ታች ስታወርደው ጸጉሩ መቆረጥ የሚጀምርበት ቦታ ታገኛለህ፤ ከቆዳህ 30 ዲግሪ ያህል ይርቃል። ጆሮህን ስጠው፤ በትክክል ሲይዝ ደረቅ ሣር ሲታጨድ የሚሰማው ዓይነት ደቃቅ ድምፅ አለው። እጀታውን ከጫፉ በሁለት ጣትና በአውራ ጣትህ ብቻ ያዘው፤ የብረቱ ክብደት ይበቃዋልና አትጫነው። ከሁለት ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ጭረት፣ ጸጉሩ በተኛበት፣ አንድ ጊዜ ብቻ እለፍ። ቆዳህንም አትወጥረው። አንገትህ ላይ በእጅ ሲዳሰስ የሚሰማ ጥቂት ጺም ይቀርሃል፤ እንዲቀር ነው የምፈልገው። ከአንድ ክንድ ርቀት የሚያይህ እንግዳ አይለየውም።

የቆዳ ሕክምና ነርስ፣ ከባሕር ዳር፦

ወንድሜ፣ ጋሼ የነገሩዎት አያያዝ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ማታ ቢጀምሩት ይጎዳዎታል፤ አንገትዎ አስቀድሞ ማረፍ አለበት። ከርዳዳ ጸጉር ከቆዳው ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ይታጠፋል። በምላጭ ሲቆረጥ ጫፉ እንደ መርፌ ይሾላል፤ ሲያድግም ታጥፎ መልሶ ቆዳዎን ይወጋል፤ ከቆዳ በታች የተቆረጠው ደግሞ ገና ሳይወጣ የበቀለበትን ቀዳዳ ግድግዳ በስቶ ይገባል። ሰውነት የገባውን ጸጉር እንደ ባዕድ ነገር ስለሚዋጋው እብጠቱ ይመጣል፤ ጥቁሩ ነጠብጣብም የዚሁ ቁጣ ምልክት ነው። ስለዚህ ቢያንስ ለ4 ሳምንታት ምላጭ አያስነኩት። ጸጉሩ ሲረዝም አብዛኛው በራሱ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ሥራዎ ጺም የማይፈቅድ ከሆነ አንድ ሚሊ ሜትር የሚያስቀር ቶንዶስ ይበቃል፤ አለቃዎን ለማስረዳት የሐኪም ማስረጃም መጠየቅ ይችላሉ።

ስለ ሎሚው በጣም አዝኛለሁ፤ ይህን ምክር በየቀኑ እሰማዋለሁና። የሎሚ ጭማቂ የተላጨ ቆዳን ከማቃጠሉም በላይ ቆዳው ላይ ሳለ ፀሐይ ሲያገኘው ቃጠሎና ጥቁር ጠባሳ ያመጣል፤ የባሕር ዳር ፀሐይ ደግሞ ለዚህ ቀላል አይደለችም። ነጠብጣቡን ለማጥፋት ተብሎ በየሱቁ የሚሸጥ ፊት የሚያነጣ ቅባትም እንዳይቀቡ፤ ከእነዚህ ውስጥ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀቧቸው ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉርም ያበዛሉ። ነጠብጣቡ ጸጉሩ መውጋቱን ሲያቆም በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። የገባውን ጸጉር በመርፌ እየቆፈሩ አያውጡ። እብጠቱ መግል ከያዘ፣ ጠባሳው እየጎላ ከመጣ፣ ወይም ክብ ሆኖ የሚያሳክክና ጸጉሩ ሲነካ እየተነቀለ የሚወጣ ከሆነ ግን ነገሩ የመላጫ ላይሆን ይችላል፤ ጭርት ጺም ውስጥም ይገባልና ሐኪም ይየው።

አንድ አንባቢ፣ ከዘጌ፦

በመካከል ስለገባሁ ይቅርታ። እኔ የምላጨው ጠዋት ጠዋት ታንኳው አጠገብ ቁጭ ብዬ በሐይቁ ውሃ ነው፤ ለቆዳዬ ለስላሳ መስሎ ይሰማኛል። ችግር አለው?

የቆዳ ሕክምና ነርስ፣ ከባሕር ዳር፦

አለው፣ ወንድሜ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ፤ ተሸካሚው ቀንድ አውጣ ዳር ዳሩን፣ ደንገሉና ሣሩ ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ይኖራል፤ ከእርሱ የሚወጣው እጭ ያልቆሰለ ቆዳን እንኳ በስቶ ይገባል። በምላጭ የተቧጨረ ፊት ላይ ደግሞ ሌሎች ጀርሞችም መንገድ ያገኛሉ። ውሃውን ቤት ወስደው አፍልተው ለብ ሲል ይላጩበት፤ ልስላሴው አይጠፋም።

ተማሪ፣ ከፔዳ፦

ጋሼ፣ እኔ በተመሳሳይ የብረት መላጫ ሦስት ጊዜ እያረፋሁ፣ መጨረሻውንም ወደ ላይ ገልብጬ ስላጭ ዓመት አልፎኛል፤ ምንም አልሆንሁም። ሙልጭ ብሎ መላጨትን ሙሉ በሙሉ መከልከል ያስፈልጋል?

ጸጉር አስተካካይ፣ ከግሽ ዓባይ፦

ላንተ አያስፈልግ ይሆናል፣ ልጄ። ጺምህ ለስላሳና ቀጥ ያለ ከሆነ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ውጭ ያድጋል እንጂ አይመለስም። ለጠያቂው ግን አንዲቷ ገልብጦ መላጨት የወር ዕረፍቱን ታፈርስበታለች። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ደንበኛን ለማስደሰት ስል አንገት ገልብጬ ስላጭ ኖሬአለሁ፤ ሰውየው ሲወጣ አመስግኖኝ ሄዶ በሦስተኛው ቀን አንገቱን በፎጣ ሸፍኖ የተመለሰበትን ጊዜ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ጣቴን አስቀድሜ ሳላንሸራትት አንገት አልላጭም።

ጠያቂው፣ ከሹም አቦ፦

ጋሼና እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አምስት ሳምንት ጠብቄ፣ ሥራ ቦታም አስፈቅጄ፣ ባለፈው እሑድ በአባቴ መላጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ተላጨሁ። ግማሽ ሰዓት ወሰደብኝ፤ አገጬ ሥር አንድ ቦታ ጥቂት ደምቶ በቀዝቃዛ ውሃ ቆመልኝ። ድምፁን ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ እላጫለሁ፤ የግራ አንገቴ ንጹሕ ነው። በቀኝ በኩል ግን ከመንጋጋዬ ሥር የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቦታ ላይ አራት እብጠቶች ተመልሰው ወጥተዋል፤ ጸጉሩን ወደ ታች እየተከተልሁ ስላጭ እንኳ ይከረክረኛል። ያገለገሉትን ምላጮች ልጆች እንዳያገኟቸው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ እያጠራቀምሁ ነው።

ጸጉር አስተካካይ፣ ከግሽ ዓባይ፦

ወደ ታች እየተላጨህ የሚከረክርህ ከሆነ እዚያ ቦታ ጸጉሩ ወደ ታች አልተኛም ማለት ነው። ለሁለት ሳምንት ያችን ቦታ ብቻ በቶንዶስ አሳጥራት፤ ከዚያ ጣትህን ከማንቁርትህ ወደ ጆሮህ አንሸራትና ልስልስ ካለልህ በዚያው አቅጣጫ፣ ወደ ጎን፣ በአንድ ጭረት እለፋት። ጸጉሩ የሚዞር ከሆነም አትድከም፤ ቦታዋን ለቶንዶስ ተውለት። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ነኝ፤ መላጫውን ይዘህ ና፣ የምላጩን አቀማመጥም አብረን እናየዋለን።