«አውራሪስ» የመጣው ከ«አውራ» ነው ወይስ ከ«አረሰ»?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ሰሞኑን የአራዊትን ስም ስታጠና «አውራሪስ ለምን አውራሪስ ተባለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «አውራ» ዋነኛና ታላቅ ማለት በመሆኑ፣ አውራ ዶሮ እና አውራ ጎዳና እንደምንለው ሁሉ፣ የአራዊት አለቃ ለማለት ነው ብዬ መለስሁላት፤ ነገር ግን «ታዲያ ‹ሪስ› ምንድን ነው?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ለልጅ የተሳሳተ ነገር ነግሮ ማለፍ ስለሚከብደኝ፣ የግዕዝ ዕውቀት ያላችሁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የግዕዝ ተማሪ፦
ልጅዎ ትክክለኛውን ጫፍ ይዛለች፤ ስሙን «አውራ» እና «ሪስ» ብለን ከከፈልነው ሁለተኛው ክፍል ትርጉም አልባ ሆኖ ይቀራልና። በግዕዝ የእንስሳው ስም «አርዌ ሐሪስ» ነው። «አርዌ» አውሬ ማለት ሲሆን፣ የአማርኛው «አውሬ» ራሱ «ረ» እና «ወ» ቦታ ተለዋውጠው ከዚሁ የወጣ ነው፤ እባብ በግዕዝ «አርዌ ምድር» ሲባልም የምናገኘው ይህንኑ ቃል ነው። «ሐሪስ» ደግሞ «ሐረሰ» ከሚለው ግሥ፣ ማለትም ከዛሬው «አረሰ» ጋር ይገናኛል። አማርኛ ከጉሮሮ የሚወጣውን የ«ሐ» ድምፅ ስለ ተወ፣ ሁለቱ ቃላት ተጣብቀውና አጥረው «አውራሪስ» ሆኑ። ስለዚህ ስሙ «አራሽ አውሬ» ማለት ነው።

ይህን ትርጓሜ የዘመናችን ሰዎች አልፈጠሩትም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ አዱሊስ ድረስ የመጣው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በግሪክኛ በጻፈው መጽሐፉ ኢትዮጵያውያን ይህን እንስሳ በቋንቋቸው «አሩ» ወይም «ሐሪሲ» እንደሚሉት፣ የመጀመሪያው አውሬ፣ ሁለተኛው ማረስ ማለት እንደሆነ መዝግቧል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ስሙ የተሰጠው ከአፍንጫው አካባቢ ቅርፅና ከቆዳው አገልግሎት የተነሣ ነው ይላል፤ የደረቀው ቆዳ አራት ጣት ያህል ስለሚወፍር በብረት ፈንታ ማረሻ የሚያደርጉት ሰዎች ነበሩና። እርሱ ራሱ በሕይወት ያለውን አውራሪስ በሩቁ እንዳየ፣ በገለባ የተሞላውን ቆዳ ደግሞ በቤተ መንግሥት ቆሞ እንዳገኘው ይናገራል። ግሪኮች ያንኑ እንስሳ «አፍንጫ» እና «ቀንድ» የሚሉትን ቃላት አጣምረው ሲሰይሙት፣ የእኛ አባቶች ግን ቀንዱን አይተው ማረሻን አስታወሱ። የገበሬ አገር ስም ማለት ይህ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከግሪኩ ይልቅ የእኛን እወደዋለሁ።

ሌላ ተሳታፊ፦
ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ጊዜ ስሙ ሳይለወጥ እንስሳው ይለወጣል። ጅብን ግዕዝ «ዝእብ»፣ ትግርኛ «ዝብኢ» ይለዋል። የዚህ ቃል ወንድሞች የሆኑት የዐረብኛው «ዚእብ» እና የዕብራይስጡ «ዘኤብ» ግን የተኩላ ስሞች ናቸው። ሥሩ አንድ ሆኖ ሳለ፣ በእኛ አገር ሌሊት በረት የሚደፍረው ጅብ ስለሆነ ቃሉ ወደ እርሱ የዞረ ይመስለኛል። ነብር ግን በትርጉሙ ጸንቷል፤ በግዕዝ «ነምር»፣ በዐረብኛም «ነሚር» ነው፤ አማርኛ «መ»ን ወደ «በ» ከመለወጡ በቀር።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ስሕተቴን ዛሬ ማታ ለልጄ አርምላታለሁ። እኔ እንዳደረግሁት፣ ሰዎች የማያውቁትን ቃል በሚያውቁት ቃል ተርጉመው ስሙ ራሱ የተለወጠበት ሌላ አጋጣሚ አለን?

የግዕዝ ተማሪ፦
አለ፤ ዓሣ ነባሪ ነው። በግዕዝ ይህ ታላቅ የባሕር ፍጥረት «ዐንበሪ» ይባላል፤ የዐረብኛው «ዐንበር» ዘመድ ሲሆን፣ በዐረብኛ ቃሉ እንስሳውንም ከእርሱ የሚገኘውን መዓዛማ ነገርም ይጠራል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በማቴዎስ 12፥40፣ ዮናስ የነበረው «በዓሣ አንበሪ» ሆድ ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ «አንበሪ» ለጆሮ እንግዳ ስለሆነ፣ ተናጋሪው «ነባሪ» ከሚለው ከለመደው ቃል ጋር አስማማው። የእርስዎ «አውራ» ስምን ሳይነካ በትርጓሜ ላይ ቀረ፤ «ነባሪ» ግን መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ዓሣ ነባሪ ዓሣም አይደለም፤ አጥቢ እንስሳ ነውና፣ ልጅዎ ይህንንም ብትሰማው ደስ ይላታል።

የስሜን ልጅ፦
የእኛም ስሞች ወደ ውጭ ወጥተዋል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ጉሬዛን፣ ጭላዳንና ዋልያን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ ሦስቱንም በአገራቸው ስም መዘገባቸው። ጭላዳ በላቲኑ አጻጻፍ «ጌላዳ» ሆኖ ቀርቷል። በጉሬዛ ሳይንሳዊ ስም ከፊት የሚቀድመው «ኮሎቡስ» በግሪክኛ ጎደሎ ወይም የተቆረጠ ማለት ነው፤ ጉሬዛ አውራ ጣት የለውምና።