ተኩላው «አስነጥሶኝ ነው» ሲል ልጄ አመነችው

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቆዩ ተረቶችን ገልብጠው በቀልድ የሚተርኩ የሥዕል መጻሕፍት ነፍሴ ናቸው። ሰሞኑን ለ5 ዓመቷ ልጄ የሦስቱን አሳሞች ታሪክ ተኩላው ራሱ የሚያወራበትን፣ ጆን ሼስካ የጻፈውንና ሌን ስሚዝ የሣለውን መጽሐፍ (በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣውን) አነበብኩላት። ተኩላው «ለአያቴ የልደት ኬክ ስሠራ ስኳር አለቀብኝ፣ ጎረቤት ልበደር ብሄድ ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር አስነጠሰኝ፣ ቤቱም ፈረሰ» ይላል። እኔ በሳቅ ሞትኩ። እሷ ግን ዝም። መጨረሻ ላይ እስር ቤት ሲገባ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ «አሞት እያለ ለምን አሰሩት?» አለችኝ። የምላት ጠፋኝ። ገና ስላልደረሰች ነው ወይስ እኔ ነኝ ያጠፋሁት? የጥንቱን ተረት አንብቤላት አላውቅም፣ የሆነ ቦታ ሰምታዋለች ብዬ ነው።

መልስ 1፦
ዕድሜዋ አይመስለኝም፣ የጥንቱን አለማወቋ ነው። ተኩላው አሳሞቹን ሊበላ ሆን ብሎ ቤታቸውን እፍ ብሎ እንደሚያፈርስ የማታውቅ ልጅ «አስነጠሰኝ» ሲላት ለምን ትጠራጠረዋለች? ለሷ ይሄ የአንድ በሽተኛ ታሪክ ነው። መጀመሪያ የድሮውን አንብቢላት፣ ያውም ደጋግመሽ፣ እፍ የሚልበት ቦታ ስትደርሺ ካንቺ ቀድማ እስክትነፋ ድረስ። ከዚያ ይሄኛውን መልሰሽ አውጪው።

መልስ 2፦
ሕፃናት አስተምራለሁ፣ ይሄን መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አንብቤላቸዋለሁ። ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ግን ሥዕሉን አትርሺ። ጽሑፉ የተኩላው ቃል ነው፣ ሥዕሉ ደግሞ ያሳብቅበታል። ኬኩን የሚያቦካበት ገጽ ላይ ከሳህኑ ውስጥ የጥንቸል ጆሮ ብቅ ብሏል። እኔ እዚያ ስደርስ ማንበቤን አቆማለሁ። አልጠቁምም፣ አልጠይቅም፣ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ያየዋል፣ ተነስቶ «ጆሮ! ጆሮ!» ይላል፣ ከዚያ ሁሉም እላዬ ላይ ነው። ተራኪ ሊዋሽ እንደሚችል ልጅ በራሱ ዓይን ሲደርስበት እንደማየት የሚያስደስተኝ ነገር የለም። እባክሽ አንቺ ቀድመሽ እንዳትነግሪያት።

ደግሞ «አሞት እያለ ለምን አሰሩት» ማለቷ ግሩም ጥያቄ ነው፣ ተሳስተሻል እንዳትያት።

መልስ 3፦
«የጥንቱ» የምንለውም እኮ ስንቴ ተቀይሯል። «ባለ ቀይ ቆቧ ልጅ» በሚባለው ተረት፣ በፈረንሳዊው ጸሐፊ በሻርል ፔሮ የ1697 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ፣ ተኩላው ልጅቷን ይበላታል፣ በቃ፣ ተረቱ እዚያ ያልቃል። አውሬ አዳኝ መጥቶ የተኩላውን ሆድ ቀዶ የሚያወጣት በ1812 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢዎች የወንድማማቾቹ የግሪም መጽሐፍ ላይ ነው። ስለዚህ ገልብጦ መተረክ ተረቱን ማበላሸት ነው ብለሽ አትስጊ።

ለጊዜው የማታስቸግር ከፈለግሽ የሮበርት መንችን «የወረቀት ከረጢት የለበሰች ልዕልት» የሚባለውን መጽሐፍ ሞክሪ። ልዕልት፣ ልዑልና ዘንዶ መኖራቸውን ካወቀች ይበቃታል። ዘንዶው ቤተ መንግሥቷን አቃጥሎ ልዑሉን ይወስደዋል፤ እሷ ዘንዶውን እያሞገሰች እሳት ስታስተፋው፣ ዓለምን ስታስዞረው ቆይታ ደክሞት እንቅልፍ ይጥለዋል። ልዑሉ ግን ከማመስገን ይልቅ ስለ ልብሷ ይነጫነጫል። የዚያን ጊዜ የምትመልስለትን ልጅሽ ራሷ ትስማው።

ጠያቂዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ። የድሮውን አራት ማታ ተከታትለን አነበብን፣ እፍ የምትለው አሁን እሷ ናት። ትናንት የተኩላውን መጽሐፍ አወጣሁ። ኬኩ ጋ ስደርስ እንደተባልኩት ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ እንዴት ይከብዳል! ገጹን ወደ ፊቷ አስጠጋች፣ ሳህኑን በጣቷ ነካችው፣ ቀና ብላ አየችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እማ፣ ጥንቸሏ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለችኝ።