ጥቆማ፦ ቨርቹዋል ማሽኖቹ ሲንቀራፈፉ ምን ይገዛ?

ሰሞኑን ሦስት ሰው ስለ ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንደ ተለያየ ኮምፒውተር ስለሚሠሩት) አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ቨርቹዋል ማሽኖቹ ተንቀራፈውብኛል፣ የትኛውን ሰርቨር ልግዛ?» መልሴ ለሦስቱም አንድ ነው። ቆይ፣ ገና አትግዛ።

እኛ መሥሪያ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ያገለገለ ሰርቨር ላይ ፕሮክስሞክስ የሚባለውን የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ ጭነን ስድስት ቨርቹዋል ማሽን እናስኬዳለን። ወር ሊዘጋ ሲል ዋናው ሒሳብ ሹም ይደውላሉ። «አንተ ልጅ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ፣ ፒችትሪው፣ ዛሬም ቆመ እኮ!» «ጋሼ፣ አሁን አየዋለሁ» እላለሁ። ሲፒዩው 15 በመቶ ላይ ነው። ራምም አለ። «አይኦ ዲሌይ» የሚለው ግራፍ ግን ከ30 በመቶ በላይ ወጥቷል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስክ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። የዲስክን ሁኔታ የሚያሳየውን አይኦስታትን ከፍቼ «አዌይት» (አንድ ጥያቄ ዲስኩ እስኪመልስለት የሚቆይበት ጊዜ) የሚለውን ሳይ 60 ሚሊሰከንድ ይላል። የሚሽከረከር ዲስክ 10 አካባቢ፣ ደህና ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ደግሞ ከ1 በታች ቢሆን ነው ጤና።

ጥፋቱ የማን ሆነ? ዲስኮቹን አንድ ላይ የሚያስተዳድረው የሬይድ ካርድ ባትሪው ሞቷል። ባትሪ ያለው ካርድ የሚጻፈውን መጀመሪያ በራሱ ሜሞሪ ይቀበልና «ጨርሻለሁ» ይላል፤ ወደ ዲስኩ በኋላ ያደርሰዋል። ባትሪው ሲሞት መብራት ቢሄድ ዳታ እንዳይጠፋ ይፈራና ከ«ራይት ባክ» ወደ «ራይት ስሩ» ይዞራል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ ቁራጭ ዲስኩ ድረስ ሄዳ መመለስ አለባት። ሰርቨሩን የሸጠልን ሱቅ ስለ ባትሪው ስንጠይቀው «እሱ ምንም አያደርግም» ብሎን ነበር። አደረገ እንጂ!

ስለዚህ አንደኛ ጥቆማዬ ባትሪ ነው። ፐርክ የሚባለው የዴል ሬይድ ካርድ ባትሪ ከካርዱ ጋር ነው የሚመጣው። የኤችፒ ጄን9 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት ግን «ስማርት ስቶሬጅ ባትሪ» የሚባል ለብቻው የተቀመጠ አላቸው። ከሌላ አሮጌ ሰርቨር የተነቀለ አትቀበሉ፣ የተመረተበትን ቀን እዩ። ዱባይ የሚመላለስ ሰው ካላችሁ ያመጣላችኋል፤ ሊቲየም ስለሆነ ግን በእጅ ይያዝ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይግባ።

ሁለተኛው ዲስክ ነው። እዚህ ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። ለአንድ ቅርንጫፍ ሁለት የላፕቶፕ ኤስኤስዲ ገዝቼ ዜድኤፍኤስ በሚባለው የፋይል ሥርዓት ሚረር (አንዱ የሌላው ቅጂ እንዲሆን) ሠራሁ። የመጀመሪያው ሳምንት በረረ። ባክአፕ ሲጀምር ግን ከድሮው ዲስክ ባሰ። ርካሽ ኤስኤስዲ ፍጥነቱ ያለው ትንሽ ካሽ (ጊዜያዊ ማረፊያ) ላይ ነው። ለምሳሌ የሳምሰንግ 870 ኪውቪኦ ባለ 1 ቴራ ካሹ 42 ጊጋ ነው፤ ያ ሲሞላ በሰከንድ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል። ይሄን ኩባንያው ራሱ የጻፈው ነው፤ ዲስኩ ለቤት እንጂ ለዚህ ሥራ አልተሠራም። ዕድሜውንም አወዳድሩ። የኪንግስተን ኤ400 ባለ 960 ጊጋ 300 ቴራባይት እስኪጻፍበት ነው ዋስትናው። የዚያው ኩባንያ የሰርቨር ዲስክ ዲሲ600ኤም በዚያው መጠን 1,752 ቴራባይት ይላል፣ መብራት ሲጠፋ የጀመረውን የሚጨርስበት ካፓሲተርም አለው። እኛ አገር መብራት እንደምታውቁት ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ አልዋሽም። ግን እኔ ዛሬ ቢሆን ሁለት ዲሲ600ኤም ገዝቼ ሰርቨሩን ባለበት እተወዋለሁ።

ለባክአፕ የሚሽከረከር ዲስክ የምትፈልጉ ደግሞ ኤስኤምአር (መስመሮቹ ተደራርበው የሚጻፉበት፣ ብዙ ሲጻፍበት የሚንቀራፈፍ) የሚባለውን ሽሹ። ዌስተርን ዲጂታል በ2020 እ.ኤ.አ. ነው አንዳንድ የ«ሬድ» ዲስኮቹ ኤስኤምአር መሆናቸውን ያመነው። «ሬድ ፕላስ» ከዚያ ነፃ ነው። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካላችሁ የሞዴል ቁጥሩን ፎቶ አንሱና ሻይ እየጠጣችሁ አጣሩ።

የግድ ሰርቨር ይቀየር ካላችሁ፣ ካገለገሉት ውስጥ ዴል አር730 ከአር720 ይሻለኛል። ራሙ ፈጠን ያለው ዲዲአር4 ነው። ኤች730 የሚባል የሬይድ ካርድ ያለው ከሆነ ደግሞ ኤችቢኤ ሞድ ላይ ማድረግ ይቻላል፣ ዜድኤፍኤስ ዲስኩን በቀጥታ ያገኘዋል። ባዮስ ውስጥ የኃይል ፕሮፋይሉን «ፐርፎርማንስ» ላይ አድርጉት፤ ነፃ ፍጥነት ነው። ብር ገበያው ላይ ከተለቀቀ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የሰርቨር ዋጋ ምን እንደሆነ አይታችኋል፣ እሱን አላወራም።

ጄኔሬተርና ማቀዝቀዣ ላይ የምትሰቃዩ ሰርቨራችሁን አይሲቲ ፓርክ ያሉት ዳታ ሴንተሮች፣ ራክሲዮ ወይም ዊንጉ ጋ ቦታ ተከራይቶ ማስቀመጥን አስቡበት። ሁለቱንም ዋጋ ጠይቁ። ፒችትሪ ለሚጠቀም መሥሪያ ቤት ግን እኔ አልመክረውም፤ ኢንተርኔት በተቆረጠ ቁጥር ጋሼ ይደውላሉ።

«ቪኤምዌር (ሌላው የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) ላይ ነን፣ እንቀይር?» ላላችሁኝ፦ ብሮድኮም በኅዳር 2016 ከገዛው በኋላ የዘላለም ላይሰንስ መሸጥ ቆሟል፣ አሁን በየጊዜው መክፈል ነው። ፕሮክስሞክስ ከኢኤስኤክስአይ (የቪኤምዌር ማስኬጃ) ማሽን በቀጥታ የሚያስገባ መሣሪያ አለው። በመጀመሪያ አንዲት የማትጠቅም ማሽን ሞክሩበት። ዊንዶውስ ከሆነች የቨርትአይኦ ድራይቨር ሳትጭኑ አትጀምሩ፤ ያለሱ ዲስኩ በአሮጌው አይዲኢ መንገድ እየሄደ «ፕሮክስሞክስ ቀርፋፋ ነው» ትላላችሁ።

ትናንት ማታ ደግሞ አንዱ ደወለልኝ። ስቶሬጁ ሞልቶ ማሽኖቹ በሙሉ ቆመዋል። «ስናፕሾት አለህ?» አልኩት። ስናፕሾት የማሽኗን የዚያን ሰዓት ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ወዲህ የሚለወጠው ሁሉ እየተጠራቀመ ቦታ ይበላል። «አንዲት ብቻ፣ አፕዴት ሳደርግ የወሰድኳት።» «መቼ?» ዝም አለ። የወሰዳት መስከረም ላይ ነው። የቪኤምዌር ምክር ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ ነው። ግን ሲሞላ ዝም ብሎ መሰረዝ አይደለም፣ ስናፕሾቷ ስትዋሀድም ቦታ ሊያስፈልጋት ይችላል። መጀመሪያ የማይፈለጉ አይኤስኦ ፋይሎችን አጥፍቶ ቦታ አስገኘ፣ ከዚያ ማዋሀዱን ጀመረ። ይሄን ስጽፍ ገና 64 በመቶ ላይ ነው።