ላፕቶፔ ክዳኑ ተዘግቶ ለምን ይግላል? ሲነቃስ ለምን ያዘግማል?

ሒሳብ ሠራተኛ፦
ወደ ሐዋሳ ስነሳ ላፕቶፔን ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ሞጆን እንዳለፍን ቦርሳው ጭኔን ያቃጥለኝ ጀመር፤ ሳወጣው እንደ ምጣድ ግሏል። ስነሳ 92 በመቶ የነበረው ባትሪ ስደርስ 31 ሆኗል። ይባስ ብሎ ሆቴል ገብቼ ቻርጀር ሰክቼ ስከፍተው፣ የደመወዝ ሰንጠረዡ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ በረካው ላይ ይደረሳል። ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) በዝቅተኛ ፍጥነት፣ 400 ሜጋኸርዝ ላይ ተቸክሏል፤ አጥፍቼ ባስነሳውም ያው ነው። የጫንኩት ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ነው። ሁለቱ ችግሮች አንድ ናቸው?

ጠጋኙ፦
አይደሉም፤ ከሙቀቱ እንጀምር። ላፕቶፕህ የተኛ መስሎህ ዓይኑን ብቻ ጨፍኖ ይሆናል። በሊኑክስ ቀላሉ እንቅልፍ ፕሮግራሞቹን ያግዳል እንጂ ፕሮሰሰሩን አያጠፋውም፤ ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ ነው የሚያደርገው። ዲስኩ ወይም የዋይፋይ ካርዱ አልተኛም ካለ ፕሮሰሰሩም በደንብ አያርፍም። በጥልቁ እንቅልፍ ግን ፕሮሰሰሩ ይጠፋል፤ ኤሌክትሪኩ በዋናነት ለራሙ (ለጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) ብቻ ይቀራል። «ሲስ» ማውጫ ሥር፣ «ፓወር» ውስጥ «ሜም ስሊፕ» የሚባለውን ፋይል ክፈት፤ በማዕዘን ቅንፍ የታጠረው አሁን የተመረጠው ነው። «ዲፕ» (ጥልቁ እንቅልፍ) ካለ እሱን ምረጥ። ከሌለ ለመንገድ ሃይበርኔት ይሻልሃል፤ በራሙ ያለውን ዲስክ ላይ ጽፎ ጨርሶ ይጠፋል።

ከርነል ወዳጅ፦
ስለ ፍጥነቱ ልጨምር። በፍጥነት ቅንብሩ «ፓወርሴቭ» (ኃይል ቆጣቢ) የሚል ቃል አይተህ ጥፋተኛውን ያገኘህ እንዳይመስልህ፤ በኢንቴል ሾፌር (የኢንቴል ፕሮሰሰርን ፍጥነት በሚያዝ ፕሮግራም) ስሙ ያሳስታል እንጂ ሥራ ሲበዛ ፍጥነቱን ይጨምራል። 400 ላይ መቸከል ብዙውን ጊዜ ከኡቡንቱ በታች የመጣ ትእዛዝ ነው። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ)፣ ሙቀት ባይኖርም እንኳ፣ ፕሮሰሰሩን «ግለሃል፣ ቀንስ» ይለዋል። የማያውቀው ቻርጀር ሲሰካበት እንዲህ የሚያደርግ ላፕቶፕ ብዙ ነው። ቻርጀሩ የራስህ ነው? ንቀለውና እየው።

ሒሳብ ሠራተኛ፦
አይደለም! የራሴን ቤት ረስቼው ከእንግዳ መቀበያው የተዋስኩት ነው። የእኔ 65 ዋት ነው፤ ይሄ 45 ይላል። ስነቅለው ወዲያው 2.8 ጊጋኸርዝ ገባ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኡቡንቱን ስረግም ነበር። «ዲፕ»ም አለ። መርጬው ሌሊቱን ዘግቼ አሳደርኩት፤ ከ80 ወደ 77 ብቻ ወረደ። ግን አጥፍቼ ሳስነሳው ምርጫው ወደ ድሮው ተመለሰ።

ጠጋኙ፦
ፋይሉ ላይ የሚጻፈው እስክታጠፋው ድረስ ብቻ ነው። በግራብ (ላፕቶፑ ሲነሳ ኡቡንቱን በሚያስጀምረው ፕሮግራም) ቅንብር፣ የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) መስመር ላይ «ሜም ስሊፕ ዲፎልት» ብለህ «ዲፕ»ን ስጠውና ግራብን አድስ። የሰውየውንም ቻርጀር መልስ።