ጉልበተኛና ሆደ ባሻ ውሻ ጸጥ ያለ ቤት ይለምዳል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ቤታችን ጸጥ ያለ ነው፤ ልጅ የለም፣ እንግዳም አይበዛም። ወደ ውጭ አገር ሊሄዱ የተዘጋጁ ቤተሰቦች የ2 ዓመት ቫይማራነር ውሻቸውን «አንቺ ውሰጂው» አሉኝ። ሁለት ጊዜ ሄጄ አየሁት። ግቢው ውስጥ እንደ ነፋስ ነው የሚሮጠው። ከእጄ ቁልፍ ሲወድቅ ግን ደንግጦ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ ለብዙ ጊዜም አልወጣም። 32 ኪሎ ይመዝናል። እናቴን ገፍትሮ እንዳይጥልብኝ ፈራሁ። ደግሞ በጣም ወድጄዋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ይህን ዝርያ ካሳደገ
እህቴ፣ ቫይማራነር ጀርመን ውስጥ ለአደን የተራባ ዝርያ ነው። ከአዳኙ ጋር ሲሮጥ የሚውል ውሻ ነበር። ስለዚህ ጉልበቱ አያልቅም፣ ከሰውም መለየት አይወድም። የእኔዋ መታጠቢያ ቤት ድረስ ትከተለኛለች፤ በሩን ከዘጋሁባት አፍንጫዋን በሩ ሥር አስጠግታ ትጠብቃለች። ጸጥታው ለእሱ ጥሩ ነው፣ በዚያ አትጨነቂ። ዋናው ጥያቄ በየቀኑ ማን ያወጣዋል የሚለው ነው። በቀን 2 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከመውሰድሽ በፊት ለ10 ቀን ጠዋትና ማታ ብቻሽን ወጥተሽ ተራመጂ። ካቃተሽ፣ እባክሽ አትውሰጂው።

መልስ፣ ከአሰልጣኝ
በዚህ እስማማለሁ፤ ሩጫ ብቻ ግን አይበቃም። አፍንጫውን አሠሪው። ቀለቡን ሣር ላይ በትኚለት፣ እያሸተተ ፈልጎ ይብላ። ሩብ ሰዓት እንዲህ ከሠራ በኋላ ተዘርግቶ ሲተኛ ታይዋለሽ።

ስለ እናትሽ፦ መጀመሪያ ላይ ተቀምጠው ይቀበሉት፣ በር ላይ አይቁሙ። አንቺም ቤት እያለሽ ቀላል ገመድ እንደታሰረለት ይቆይ። ሲዘልብሽ ዝም ብለሽ ዞር በይ። አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ ያኔ አናግሪው። በፍጹም አትጩሂበት፤ እንዲህ ያለ ውሻ ከጩኸት የሚማረው ፍርሃትን ብቻ ነው። እንቅልፍ ሳይመጣበት ካዛጋ፣ ከንፈሩን ከላሰ ወይም ፊቱን ካዞረ ጨንቆታል ማለት ነው፤ ተይው።

ብቻውን መቅረትንም ቀስ በቀስ አለማምጂው። ወጥተሽ ከ10 ሰከንድ በኋላ ተመለሺ። ነገ ግማሽ ደቂቃ ይሁን። እንዲህ እያልሽ ጨምሪ።

መልስ፣ ከእንስሳት ሐኪም
ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትልልቅ ውሾች ሆዳቸው በአየር ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል። ቀለቡን በአንዴ አትስጪው፣ ለሁለት ክፈይለት። እንደበላም አታስሩጪው። ሆዱ ተነፍቶ፣ ሊያስመልሰው እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰጂው። ሰዓታት ሕይወቱን ሊያሳጡት ይችላሉ። ከባለቤቶቹም የክትባት ካርዱን ተቀበይ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው እንዳላለፈ እይ።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከነገ ጠዋት ጀምሬ የ10 ቀኑን እሞክራለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ የሚተኛበትን አሮጌ ብርድ ልብስ አጥበን እንስጥሽ ብለውኛል። ይታጠብ?

መልስ፣ ከአሰልጣኝ
አይታጠብ! የለመደው ሽታ እሱ ላይ ነው ያለው። እንዳለ ተቀበያቸውና ከአልጋሽ አጠገብ አንጥፊለት።