የጋራ ደንበኞች ሲጣሉ አማካሪው ለሁለቱ ምን ብሎ ይጻፍ?

ካናዳ ውስጥ ለሚሠሩ ፈቃድ ያላቸው የኢሚግሬሽን አማካሪዎች የሥነ ምግባር ሥልጠና እያዘጋጀሁ አንድ መልመጃ ላይ ተጣብቄያለሁ። የምታውቁ እባካችሁ አግዙኝ።

ቶሮንቶ ያለ ባል አዲስ አበባ ያለች ሚስቱን ስፖንሰር ያደርጋል። ተወካይ በሚሾምበት የኢሚግሬሽን ቅጽ (አይኤምኤም 5476) ሁለቱም አንድ አማካሪ ወክለዋል፤ የአገልግሎት ውሉን የፈረመውና የከፈለው ግን እሱ ብቻ ነው። ማመልከቻው ሳያልቅ ተጣሉ። እሱ «ስፖንሰርነቴን አንሣልኝ፣ ለእሷ ግን እንዳትነግራት» ይላል። እሷ በዋትስአፕ «ፋይሌ የት ደረሰ?» እያለች ትጠይቃለች።

እስካሁን የጻፍኩት ይህን ነው፦ ደንበኝነት በከፋይነት አይለካም፣ እሷም ደንበኛ ናት። የሱን ትእዛዝ ፈጽሞ እሷን ዝም ማለት የጥቅም ግጭት ስለሆነ ለዲሲፕሊን ክስ ይዳርጋል። ያልተሠራበት ቅድመ ክፍያም የሚቀመጠው በደንበኞች ሒሳብ እንጂ በቢሮው ሒሳብ አይደለም። ችግሩ ግን የሚጀምረው ከጠቡ በፊት ነው፤ «በሁለታችሁ መካከል ምሥጢር አልይዝም፣ ከተጋጫችሁ ከሁለታችሁም ልወጣ እችላለሁ» የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ሳይገባ፣ እሷም በአማርኛ ተብራርቶላት ሳትፈርም ሲቀር።

አንቀጹ ከሌለ፣ አማካሪው ሲወጣ ለእሷ የሚጽፈው ደብዳቤ ምን ይበል? ምክንያቱን ቢጠቅስ የሱን ምሥጢር ያወጣል፤ ባይጠቅስ እሷ ጠበቃ ሳትፈልግ ጊዜው ያልፍባታል። ቀሪው ገንዘብስ ወዲያው ለከፋዩ ይመለሳል? የምትጠቀሙበት የደብዳቤ ናሙና ካላችሁ የደንበኞችን ስም ሰርዛችሁ ላኩልኝ።