ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በፕሌን እውነት ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የጀጎል ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ሐረር ነን፣ አባቴ ጉልበቱን ክፉኛ ስለሚያመው ብዙ ሰዓት መቀመጥ አይችልም፣ ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ደግሞ አዲስ አበባ ሆስፒታል ቀጠሮ አለው። በባስ ቀኑን ሙሉ አላሰቃየውም ብዬ ቆርጫለሁ ግን ግራ ገባኝ፣ ኢንተርኔት ላይ ከድሬ ቦሌ 45 ደቂቃ ይላል ትኬቱ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ ነው የሚያሳየው፣ የቱን ልመን? ርቀቱስ ስንት ነው? ሰኞ ጠዋት በረን እንደርሳለን ወይ? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ከዚራ፦
ሁለቱም ልክ ነው ወንድሜ። በአየር ቀጥታ 345 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ በመኪና ግን በጭሮ በአዋሽ ዞሮ ከ500 ያልፋል። 45 ደቂቃ የሚሉህ አየር ላይ ያለውን ብቻ ቆጥረው ነው፣ ትኬቱ ላይ ያለው ግን ፕሌኑ ድሬ ከቆመበት ከተነቃነቀ ጀምሮ ቦሌ ገብቶ እስኪቆም ድረስ ነው፣ ማኮብኮቢያው ድረስ መሄዱ፣ ቦሌ ላይ ተራ ጠብቆ ማረፉ ሁሉ እዛ ውስጥ አለ። ፕሮፔለር ያላት ዳሽ 8 በሰዓት 650 ኪሎሜትር ገደማ ነው የምትሄደው፣ ቦይንግ 737 ከ800 በላይ፣ ግን መንገዱ አጭር ስለሆነ ከፍታውን ይዞ ብዙም ሳይቆይ መውረድ ይጀምራል፣ የሚያተርፍልህ ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ የትኬቱን ያዝ።

ደቻቱ፦
አቦ የበረራው ሰዓት አያስጨንቅህ፣ ጊዜ የሚበላው መሬት ላይ ያለው ነው። ከሐረር ድሬ 50 ምናምን ኪሎ ናት ግን አወዳይ ጋ የጫት ገበያው መንገዱን ከያዘው ወይ ደንገጎ ቁልቁለቱ ላይ የጫነ ከባድ መኪና ከፊትህ ከገባ በአንድ ሰዓት አትደርስም። ደግሞ ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው ልብ በል፣ 07:15 ካለ የኛ ጠዋት 1:15 ማለት ነው። ከበረራው 2 ሰዓት ቀድማችሁ ኤርፖርት ለመገኘት ከሐረር ሌሊት 10 ሰዓት ልትወጡ ነው፣ ቦሌ 2:30 አካባቢ ብታርፉም ሻንጣ አለ፣ የሰኞ ጠዋት የአዲስ መንገድ አለ፣ በረራው ትንሽ ከዘገየ ቀጠሮው አለቀ። እኔ ብሆን እሁድ ወስጄ ዘመድ ቤት አሳድራቸው ነበር።

የጀጎል ልጅ፦
ኧረ ልክ ነህ፣ ሳሪስ አክስቴ አለች፣ እሁድ እናደርገዋለን። ደረጃውስ እንዴት ይሆናል? መውጣት በጣም ያቅተዋል።

ከዚራ፦
ትኬቱን ስትቆርጥ ዊልቸር እንደሚያስፈልጋቸው አስመዝግብ፣ ደረጃ ጭራሽ መውጣት እንደማይችሉም ንገራቸው፣ የዕለቱ ለት ኤርፖርት ደርሰህ ከምትጠይቅ ቀድመው ቢያውቁት ይሻላል። ወንበር ደግሞ በመተላለፊያው በኩል ምረጥላቸው፣ እግራቸውን ትንሽ ዘርጋ ማድረግ ይችላሉ። ስማቸው መታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ፣ የሚውጡት መድኃኒት ካለ በእጅ ሻንጣ ያዘው። አላህ ያሽርልህ አባባን።